1920 ያልሆነው 1920

ለመረጃ አጣሪዎች ክፍል የሚገዙትን ላፕቶፖች መስፈርት ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። የክፍሉ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሦስት ነገሮችን ያመሳክራሉ፤ ስካን የተደረገውን ቅጽ፣ የመረጃ ቋቱን መዝገብና የማረሚያውን ሠንጠረዥ። አንዱን መስኮት ዘግቶ ሌላውን መክፈት ስለሚያደክማቸውና ለስሕተትም ስለሚዳርጋቸው፣ ዊንዶውስ 11 መስኮቶችን ጎን ለጎን በሚደረድርበት በስናፕ ሌይአውት እንዲጠቀሙ ታሰበ። ባለ ሦስት ዓምዱ አደራደር ቢያንስ 1920 ፒክስል ስፋት እንደሚጠይቅ አንብቤ ስለነበር፣ በመስፈርቱ ላይ «14 ኢንች፣ 1920 በ1080» ብዬ ጻፍኩ፤ ራሙንና ፕሮሰሰሩንም ከሚያስፈልገው በላይ ጠየቅኩ።

ላፕቶፖቹ በገቡ ማግስት አንዲት ባልደረባዬ ጠራችኝ። የማውሱን ጠቋሚ በመስኮቱ ጥግ ካለው ማሳደጊያ ምልክት ላይ ስታሳርፍ የአደራደሮቹ ትንንሽ ሥዕሎች ብቅ አሉ፤ ለሁለት የተከፈለው አለ፣ ለአራት የተከፈለውም አለ። «ሦስቱን ጎን ለጎን የሚያደርገው የቱ ነው?» አለችኝ። አልነበረም። የእሷ ላፕቶፕ ብቻ መስሎኝ ሌሎቹን ባይም ሁሉም ያው ሆኑብኝ፤ የሲስተም ማሻሻያና የግራፊክስ ድራይቨር ስጭን ግማሽ ቀን አለፈ።

በመጨረሻ የማይክሮሶፍትን ሰነድ ቃል በቃል ደግሜ አነበብኩት። የሚለው «1920 ኢፌክቲቭ ፒክስል» ነው፤ የመጀመሪያዋን ቃል ዘልያት ኖሯል። ኢፌክቲቭ ፒክስል ማለት የስክሪኑ ፒክስል ብዛት ለማጉያው መጠን ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ፊደል እንዲነበብ ተብሎ ላፕቶፖቹ በ150 በመቶ ማጉያ ተስተካክለው ስለነበር፣ 1920 ለ1.5 ሲካፈል 1280 ብቻ ይሆናል፤ በ125 በመቶ ቢደረግ እንኳ 1536 ነው። ስለዚህ የገዛሁት ስክሪን መስፈርቱን የሚያሟላው በ100 በመቶ ሲሠራ ብቻ ነበር።

በ100 በመቶ ሞከርነው፤ አደራደሩ ወዲያው መጣ። ባልደረባዬ ግን 3ን ከ8 ለመለየት አገጯ ኪቦርዱን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ስትል ሳይ ወደነበረበት መለስኩት። ሥራዋ ስሕተት መልቀም የሆነ ሰው ዓይኗን እየጎዳች የምታገኘው ምቾት ምቾት አይደለም ብዬ በጽኑ አምናለሁ። መፍትሔ የሆነን 24 ኢንች ተጨማሪ ሞኒተር ነው፤ ያው 1920 በ1080 ነው፣ ነገር ግን ፒክስሎቹ ተለቅ ስለሚሉ በ100 በመቶ በደንብ ይነበባል። ለኃላፊዎቼ በጻፍኩት ማብራሪያ ላይ ጥፋቱ የአቅራቢው ሳይሆን የእኔ መስፈርት መሆኑን ገለጽኩ።

ከወራት በኋላ ሌላ ክፍል በስቴጅ ማናጀር፣ ማለትም በአይፓድ የመስኮት አደራደር ዘዴ፣ ብዙ መተግበሪያ ጎን ለጎን ለመክፈት 5ኛው ትውልድ አይፓድ ኤር እንዲገዛለት ጠየቀ። በጥያቄው ላይ የተመረጠው 64 ጊጋባይቱ ነበር። ኤም1 ቺፕ ስላለው ስቴጅ ማናጀር ይሠራበታል፤ ሆኖም ከማከማቻው ተበድሮ ራሙን የሚደግፈው የቨርቹዋል ሜሞሪ አሠራር በዚህ ሞዴል የሚገኘው በ256 ጊጋባይቱ ላይ ነው። ይህን ከሥሩ አስምሬ መለስኩላቸው።

አሁን በማዘጋጀው መስፈርት ላይ ከስክሪኑ ጥራት ቀጥሎ «በስንት በመቶ ማጉያ ይነበባል?» የሚል መስመር አለ፤ የሚሞላውም ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው ሠራተኛ ራሱ ነው።