ወረቀቱ ሞልቶ ብረቴ ለምን ጎደለ?

ዛሬ ምኩራብ ነው፤ የሁዳዴ ሦስተኛው እሑድ። ደብተሬን አሁን ዘጋሁት። ሳምንቱን ሙሉ አፌ የገባውን ሁሉ ስጽፍ ከረምኩ።

ነገሩ የጀመረው ከጾሙ በፊት ነው። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ጸጉሬም በማበጠሪያ እየተነቀለ አስጨነቀኝ። ተመረመርኩ። ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ደህና ነው፤ ፌሪቲኔ ግን ወርዷል። ፌሪቲን የሰውነት የብረት ጎተራ እንደማለት ነው። ሐኪሟ የብረት ኪኒን አዘዘችልኝና «እስቲ ደግሞ ምን ምን እንደምትበዪ ለአንድ ሳምንት ጻፊ» አለችኝ።

ብረት መሆኑ በጣም ገረመኝ። ጤፍ እየበላሁ አድጌ!

መጻፉ ቀላል መስሎኝ ሚዛን ተዋስኩ። እኛ ቤት ግን የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው። የኔ ድርሻ የት ጋ ያበቃል? ወጡን መዝኜ ለሦስት ላካፍለው ሞከርኩ። ወንድሜ ሽሮው ላይ ይበረታል፣ እኔ ወደ ጎመኑ አደላለሁ፣ እማዬ ደግሞ ራሷ ሳትጎርስ ሌላውን ታጎርሳለች። ለብቻዬ ሳህን ልያዝ ብዬ ነበር፤ የእማዬን ፊት ሳይ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን ሚዛኑን ትቼ በጭልፋ መቁጠር ጀመርኩ። ለጉርሻ ለብቻው መስመር ሰጠሁት።

እንጀራውን ግን መመዘን ችያለሁ። አንዱ 340 ግራም ገደማ ነው። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ዱቄቱ ሲሶው ቢሆን ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ7 ሚሊግራም በላይ ብረት አለው። አንድ እንጀራ 8 ሚሊግራም ገደማ ሰጠኝ ማለት ነው። በቀን ሁለት እበላለሁ። ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ሲደመሩበት ከ20 አለፈ። በኔ ዕድሜ ላለች ሴት የሚመከረው በቀን 18 ነው። ወረቀቱ ላይ ሞልቶ ተርፏል።

ታዲያ ብረቱ የት ገባ? ይሄን ጥያቄ ይዤ ሦስት ሌሊት አነበብኩ።

አንደኛ፣ 18 የተባለው ሥጋም ለሚበላ ሰው ነው። የእህልና የአትክልት ብረት ወደ ደም በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ ሥጋ ለማይበላ በ1.8 ይባዛል፤ 32 ገደማ ይመጣል። እኔ ደግሞ ከጾም ውጭም ሥጋ እምብዛም አልበላም። ሁለተኛ፣ ጤፍ አውድማ ላይ ሲወቃ አፈር ይነካዋል። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ የዚያ አፈር ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገርም ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል። እርሾ ገብቶበት በደንብ የቦካ ሊጥ ይሄን ፋይቴት ይቀንሳል። እማዬ ሦስት ቀን የምታቦካው ለካ ለጣዕም ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ደግሞ ዱቄታችን ሩዝ የተቀላቀለበት መሆኑን የነገረችኝ ደብተሬን ስታይ ነው። «ጤፉ እንዲህ ተወዶ ምን ላድርግ ልጄ?» አለች። አንጀቴን በላችኝ።

ትልቁ ነገር ግን ቡናው ነው። ደብተሩ ላይ ሰዓት እየጻፍኩ ነበር። ምሳ ሰባት ሰዓት፣ ቡና ሰባት ከሩብ። እራት ሁለት ሰዓት፣ ሻይ ወዲያው። ሰባቱም ቀን እንዲሁ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ምግቡን ተከትለው ከገቡ ብረቱ እንዳይገባ ይከላከላሉ፤ ሻይ እንዲያውም ይብሳል። ኪኒኑንም በሻይ የዋጥኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም ደግሞ በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባሉ። አዚፋን አስቡት። ምስር፣ ቃሪያ፣ ሎሚ! በልጅነቴ የሰናፍጩን ማቃጠል እየፈራሁ የሸሸሁት ምግብ ነው። አሁን በሳምንት ሦስቴ እንዲሠራ ለምኛለሁ።

ጨውንም ጻፍኩ። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እኛ ቤት ግን ጨው የሚቀመጠው ክዳን በሌለው ዕቃ፣ ምድጃው አጠገብ ነበር። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋል። ክዳን ያለው ዕቃ ገዛሁ፤ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ እንጨምራለን።

አንድ ዓምድ ባዶውን ቀረ፤ የቫይታሚን ቢ12። በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ግን ምስርም ጎመንም ጤፍም የላቸውም። በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች አንድ ሁዳዴ ብቻውን አይጎዳም። የኔ ጉበት ግን በፍስኩስ ምን አስቀምጧል? ሐኪሟ ይሄንንም በደም እንድትለካልኝ ጠይቄ ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ ፋርማሲ ሄጄ ቢ12 ጠየቅኩ። እንክብሉ ሽፋኑ ጀላቲን ነው፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ። እማዬን ሳስባት መልሼ ሰጠሁና ያለ ጀላቲን የተሠራውን ጠፍጣፋ ኪኒን ወሰድኩ። እሷ ሳትጨነቅ እኔም ልውጠው።

ዛሬ ምሳ ሰባት ሰዓት ላይ በላን። እማዬ ረከቦቱን አላቀረበችም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዝም። ጎረቤታችን ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ አለች። እጣን የለ፣ ጀበና የለ።

«ምነው፣ ዛሬ ቡናው ቀረ እንዴ?»

«ቁጭ በይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለች እማዬ። «የልጅቷ ብረት እስኪገባ እየጠበቅን ነው።»