ቆሽቱን የጎዳው ከረሜላ አይደለም

እማዬ በጣም ስትናደድ «ቆሽቴ አረረ» ነው የምትለው፣ እኛም ይቺን እየሰማን ነው ያደግነው። የእህቴ ልጅ ቆሽት በስኳር በሽታ የምር ሲጎዳ ግን ማናችንም አላወቅንም።

ከጥምቀት በኋላ ነው የጀመረው። ልጁ 7 ዓመቱ ነው፣ ሌሊት ሶስት አራት ጊዜ እየተነሳ ጆጉን አንስቶ ይጠጣል፣ ፍራሽ ማርጠብ ከተወ ስንት ጊዜው እንደገና ጀመረ፣ በደንብ እየበላ ይከሳል። የወሰድነው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሱን፣ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ያየለት የለም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ አንዲት ጠብታ ደም እኮ ናት! እማዬ ናት ጠዋት ግቢ ስትጠርግ ልጁ የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰብስቦ ያየችው። በነጋታው ማስመለስ ጀመረ፣ ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ሸተተ፣ ሆስፒታል ስንደርስ የስኳር መለኪያዋ ቁጥር መስጠት አቅቷት «ሃይ» ብላ ጻፈች፣ ከልኬ በላይ ነው ማለቷ ነው።

ከዚያ ወቀሳው መጣ። ጎረቤት ደንግጦ ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ፣ እህቴ ደግሞ ከረሜላ አብዝቼበት ነው እያለች ስታለቅስ ከረመች። እኔ ሀኪሙን ጠየኩ፣ ማታ ማታም ማንበብ ጀመርኩ፣ የገባኝ ይሄ ነው።

ደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ዘበኞች አሉ። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል ትንሽ እጢ ውስጥ ነው የሚሰለጥኑት፣ እዚያ የራስን አካል ሊመታ የሚችለው አብዛኛው ይወገዳል፣ ያመለጠውን ደግሞ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይይዙታል (የ2025 የህክምና ኖቤል የተሰጠው እነዚህን ላገኙት ነው)። ዓይነት አንድ ስኳር የሚመጣው ይሄ ቁጥጥር ሲላላ ነው። ገዳዮቹ ቲ ሴሎች ቆሽት ውስጥ ይገቡና የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚሰሩትን ቤታ ሴሎች ብቻ እየለዩ ይበሷቸዋል፣ አጠገባቸው ያሉትን አልፋ ሴሎች አይነኩም! ቢ ሴሎች የሚባሉት ሌሎቹ ዘበኞች ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ፣ ዋናው ገዳይ እሱ አይደለም፣ ግን ህመሙ ከመታየቱ ከወራት ወይ ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ ስለሚገኝ ውስጥ ውስጡን ጥቃት መጀመሩን ያሳብቃል። የዘር ተጋላጭነት አለው፣ ቫይረስም ይጠረጠራል፣ ከረሜላ ግን የለበትም። ልጁ ውሃ ውሃ ሲል እኮ ቤታ ሴሎቹ በብዛት አልቀው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በ2022 ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፣ ቲ ሴሎቹን አብርዶ በሽታው ገና ምልክት ሳያሳይ ለተያዙ ሰዎች በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ያዘገየዋል። ለኛ ልጅ አልፎበታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ኢንሱሊን እንደጀመረ ትንሽ ቆይቶ መጠኑ በጣም ቀነሰ፣ የተረፉት ሴሎች እረፍት አግኝተው ትንሽ ስለሚሰሩ ነው፣ ያኔ ዘመድ ሁሉ ድኗል መርፌው ይቅር አለን። ጠበሉን ይጠመቅ፣ እኛም ወስደነዋል፣ መርፌው ግን አንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም፣ በዚህ ሰበብ ልጅ ይሞታል።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እነዚያ ዘበኞች አሁን የት ናቸው?» አለችኝ። እዚያው ናቸው እማ፣ ያጠቁትን አይረሱም፣ አዲስ ቤታ ሴል ቢተከልለት እንኳ ተመልሰው ይመጡበታል፣ ለዚህ ነው መርፌው የዕለት ተዕለት የሆነው አልኳት። «እህ» ብላ ተነሳችና መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን የምናስቀምጥባት ማሰሮ ዙሪያ ያለው አሸዋ ደርቆ እንደሆነ በእጇ ዳሰሰችው፣ ውሃ ጨመረችበት።