በአሮጌ ቮልስ ከጎንደር አዲስ አበባ፦ አባይን ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬኑን

ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ሁሉ አባይ በረሃን ይወርዳል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ይህን አንብቡ። እኔና ልጄ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ እንደ ፈረንጆቹ 1965 በተሠራ ቮልስ ከጎንደር አዲስ አበባ ነድተናል። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ሁሉ የሚያስፈራው አባይ በረሃን ወርዶ የሚወጣው፣ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው።

የቀረው ዝግጅት ተራ ነው። ሞተሩ 2.5 ሊትር ዘይት ይበቃዋል፤ የፑንቲናው (የእሳት ማቋረጫው) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። መጠባበቂያ ቺንጋ (የማራገቢያ ቀበቶ)፣ ካንዴላ፣ ኮንዴንሰር፣ የተነፋ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)፣ ክሪክ ያዙ። ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ከነማህተሙ። መጻሕፍቱን በፖርቶ መጋላ (ጣሪያ ላይ ባለው ዕቃ መጫኛ) ጭናችሁ ለመሄድ አትሞክሩ፤ ቮልስ የሚሸከመው ሰውም ዕቃም ተደምሮ 380 ኪሎ ግድም ነው፣ መጽሐፍ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። በጭነት መኪና ላኩት። በአዘዞ ወጥቶ በወረታ፣ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ እስከ ደጀን ያለው ጉዞ ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የዚያ ዘመን ቮልስ አራቱም ጎማ የታንቡር ፍሬን ነው፣ ማለትም ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ ከውስጥ ይጫናል፤ የፍሬን ዘይቱም በአንድ መስመር ብቻ ይሄዳል። አንዱ ጎማ ጋ ከፈሰሰ ወይም ከፈላ አራቱም አብረው ይጠፋሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ይወርዳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየወረዱ ፔዳሉን ረግጦ ለያዘ ሰው 140 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። የፈላው ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ምንም ሳይገፋ ወለል ይነካል።

የእኛም ፔዳል ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ወለል ነካ። መኪናውን ያቆመው አንደኛ ማርሽና የእጅ ፍሬን ነው። የእጅ ፍሬኑ በካቦ ስለሚሠራ ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም፤ እሱን ሳታስጠብቁ ከጎንደር አትውጡ። ስኮርታውን አንስተን ከኋላው ያለችውን የፍሬን ዘይት ጣሳ ስንከፍት ዘይቱ የቆየ ሻይ ይመስላል። ጋራዡ «ቀይረነዋል» ብሎ ሒሳብ የተቀበለበት ዘይት ነው እንግዲህ! ሞላበት እንጂ አልቀየረም። የቦሎ መርማሪውም ቢሆን ፍሬኑን የሞከረው ሜዳ ላይ፣ ታንቡሩ እንደቀዘቀዘ፣ አንድ ጊዜ አስረግጦ ነው። በዚያ ሙከራ የበሰበሰ ዘይትም ያልፋል። ቦሎውን ሲለጥፍ «አንደኛ ነው» ማለቱ እስካሁን ያናድደኛል።

እንዲህ ከገጠማችሁ የጋለ ታንቡር ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል። በእጅ እስኪነካ ጠብቁ። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለሳል፤ ግን አትመኑት፣ ዘይቱ ያው ነው።

የፍሬን ዘይት ቅያሬው ለሁለት ሰው የተሠራ ሥራ ነው፤ ልጅ ካላችሁ ረዳት አላችሁ። ጋራዥ ከምታምኑ ራሳችሁ አድርጉት። ከማስተሩ (ፔዳሉ ዘይቱን ከሚገፋበት ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ማስተንፈሻዋ (ከጎማው ጀርባ ያለችው የአየር ማስወጫ ቡሎን) ላይ ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ሰክታችሁ፣ ጫፉን ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ልጄ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ጎማው ሥር፦ «ርገጪ... ያዢ!» ማስተንፈሻውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቂ»። ሳልዘጋ ከለቀቀች አየር ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ አረፋው፣ በመጨረሻ ንጹሑ ይመጣል። ጣሳዋ እንዳትጎድል በየመሀሉ ሙሉ። አንድ ሊትር ያልተከፈተ ዘይት ያዙ፤ የተከፈተ ቆርቆሮ ርካሽ ነው ቢሏችሁም አትግዙ። ቀለም ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

ሲወርዱ ሁለተኛ ማርሽ። ገና አፋፉ ላይ ሳላችሁ አስገቡ፤ ከፈጠነ በኋላ አስቸጋሪ ነው። ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ አሳርፎ መያዝ የለም። ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ ሳታስገቡ) ውረዱ የሚሏችሁን አትስሙ፤ የምትቆጥቡት ጥቂት ነው፣ የምትከፍሉበት ግን ፍሬኑን ነው።

ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ደግሞ ሙቀቱ የሞተሩ ይሆናል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው የዲናሞው ቺንጋ ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ እያቃሰተ ሲወጣ ነፋሱም ይቀንሳል። ማርሽ ቶሎ ዝቅ አድርጋችሁ አስጩኹት። የልጄ ሥራ የዲናሞውን ቀይ መብራት ማየት ነበር፤ በርታ ከቀረች ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፣ እዚያው ማጥፋት ነው። ቺንጋውን ለመቀየር 21 ቁጥር ቁልፍና ጠንካራ ካቻቢቴ ይበቃል። በረሃውን በማለዳ ተሻገሩ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር። በአንድ ቢሮ በየከተማው የታሸገ ሳጥን አዙሩ ተባልን። እኔ አልመክርም። ጥሬ ብር የያዘ አሮጌ መኪና በየኬላው መጠየቁ አይቀርም፤ የሳጥኑ ቆጠራም ከመንዳቱ ይብሳል። የትምህርት ቤቱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በሩ ላይ በትልቁ ጻፉ፤ ሰጪው በስልኩ በቀጥታ ያስገባል፣ እናንተ ብር አትነኩም። ልጁ ደብተር ይዞ የሰጪዎችን ስምና ቀን ይመዝግብ፣ ማታ ማታ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያመሳክር።

ለመልስ ጉዞ አዲስ አበባ ላይ የፍሬን ሸራውን አስተካክሉ፤ በየጎማው ያሉትን ሁለቱን ማስተካከያዎች ጎማው እስኪይዝ አጥብቆ ሁለት ሦስት ጥርስ መመለስ ነው። የጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ከደጀኑ አይተናነስም።