ፒቶ ቱቦው ክንፍ ላይ ነበር

ፒቶ ቱቦ፣ ማለትም ፊት ለፊት የሚመታውን የአየር ግፊት ለክቶ የአውሮፕላኑን የአየር ፍጥነት የሚናገረው ቱቦ፣ ከፕሮፔለር ጀርባ አይገጠምም። ይህን የተናገርኩት አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት ነው። ከወደቀ በኋላ የተጻፈው ሪፖርት ግን «የቴክኒሻን የገጠማ ጉድለት» ይላል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ሥራው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ የቡና ማሳ ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ፣ ሞተሩ አፍንጫው ላይ ያለ፣ ሰው የማይሳፈርበት ትንሽ የፎም አውሮፕላን። ፈቃዱንም አብራሪውንም እነሱ ጨርሰው መጡ። የእኔ ድርሻ ጅማ፣ ሄርማታ ባለው ሱቄ ውስጥ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረውን አውቶፓይለትና ሴንሰሮቹን መግጠም ነበር። ከፍታ የሚለካውን ባሮሜትር ንፋስ እንዳይመታው በስፖንጅ ሸፈንኩት፣ ኮምፓሱን ከባትሪው ሽቦ አራቅኩት፤ በዚህ ማንም አልተከራከረኝም። ፒቶውን ቀኝ ክንፉ ላይ፣ ከክንፉ ጠርዝ ወደፊት ወጣ አድርጌ ገጠምኩት።

የቡድኑ መሪ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ክንፉ በየቀኑ እየተፈታ መኪና ላይ የሚጫን ነው። ይኼ ቱቦ ይበጠሳል። አፍንጫው ጋ አድርገው።»

«ኢንጂነር፣ እዚያ ካደረግነው የሚለካው የፕሮፔለሩን ንፋስ ነው።»

«ጂፒኤስ አለን እኮ፣ አንተ ልጅ!»

ጂፒኤስ የሚነግረን ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው። ክንፍን የሚያነሳው ግን አየር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ወለል ደረጃ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ያው አውሮፕላን እዚህ ላለመውደቅ 8 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት። ፒቶ የሚለካው ግፊቱን ራሱን ስለሆነ ይህንን ልዩነት ሳይነገረው ያውቀዋል። ግፊቱ ደግሞ ኢምንት ነው፤ ፒቶው በሰከንድ 15 ሜትር ሲያነብ 138 ፓስካል ቢሆን ነው፣ ውሃን 14 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ። ትንሽ የባዕድ ንፋስ ከገባበት ንባቡ በሙሉ ይበላሻል።

በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግኩ። ፒቶውን ባሉኝ ቦታ በፕላስተር ያዝ አደረግኩት፣ ጅራቱን ከጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ፣ በሩን ዘጋሁና ሞተሩን ከፍ አደረግኩ። መደርደሪያው ላይ የነበሩ ደረሰኞች ተበታተኑ። ላፕቶፑ ላይ ፍጥነቱ ከ0 ተነስቶ በሰከንድ 9 ሜትር ገባ።

«ኢንጂነር፣ አውሮፕላኑ እንደታሰረ ነው። አውቶፓይለቱ ግን እየበረርኩ ነው ብሎ ያምናል። ሰማይ ላይ ፍጥነቱ የበቃው መስሎት ሞተሩን ይቀንስበታል።»

ስክሪኑን ረዘም አድርገው አዩት። የገባቸው መስሎኝ ነበር።

«አየር ላይ ሲወጣ ይስተካከላል» አሉ።

በፈረንጆች 1996 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አጠገብ ባሕር ውስጥ የወደቀውንና 189 ሰው ያለቀበትን ቦይንግ 757 አነሳሁላቸው፤ የካፒቴኑ ፒቶ ቱቦ ተዘግቶ የተሳሳተ ፍጥነት ያነብ ነበር። «እሱ ትልቅ አውሮፕላን ነው» ብለው ቆረጡት። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ክንፍ በቂ ንፋስ ካላገኘ ይወድቃል።

ንብረቱ የእነሱ ነውና ወደ አፍንጫው አዛወርኩት። ደረሰኙ ላይ «የፒቶው ቦታ በደንበኛው ትእዛዝ ተቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረሙበት።

በሰርቦ መንገድ ካለ ሜዳ ተነሳ። አብራሪው ልጅ በእጁ ሲያበረው ደህና ነበር። ወደ አውቶ ሲቀይረው የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ከኋላው ንፋስ ይዞ ሲዞር ግራ ክንፉ ከዳው። ልጁ ነጥቆ ሊያቀናው ሞከረ፤ ከፍታው አልበቃውም። አፍንጫው መሬት ገብቶ ተሰበረ።

እዚያው ሜዳ ላይ አውቶፓይለቱ የመዘገበውን የበረራ መረጃ፣ ሎጉን፣ ከፈትኩት። ሊወድቅ ሲል ጂፒኤሱ 13 ይላል፣ ፒቶው 16። ንፋስ ከኋላ እየገፋው የአየር ፍጥነቱ ከመሬቱ ፍጥነት ማነስ ነበረበት፤ በልጦ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ኢንጂነሩ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ መኪናው ሄዱ።

ጥገናው ተመልሶ የመጣው እኔው ጋ ነው። ፒቶውን ክንፉ ላይ መልሼ፣ ቱቦው መጋጠሚያው ላይ በቀላሉ የሚነቀልና የሚሰካ ማያያዣ አደረግኩለት፤ የመጓጓዣው ጭንቀት ትክክል ነበርና። አውሮፕላኑም የማሳዎቹን ፎቶ አነሳ።

ሪፖርቱ ግን እንዳለ ነው። ሎጉንና የፈረሙበትን ደረሰኝ ቅጂ አያይዤ እንዲታረም በደብዳቤ ጠይቄያለሁ።