«ዩኩሌሌ ነው» ተብሎ የገባው ካቫኪኞ

ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ሱቅ ክር ያልነበረው ትንሽ መሣሪያ መጣ። ተቀባዩ ካርዱ ላይ «ዩኩሌሌ፣ ክር ይቀየር» ብሎ ጻፈና ወደ ጠጋኙ አሳለፈው። ዩኩሌሌ ባለ አራት ናይለን ክር የሃዋይ ትንሽ ጊታር ነው። ጠጋኙም ካርዱን አመነ።

ማመኑ አይፈረድበትም። አራት መቃኛ፣ ጊታር የመሰለ ሆድ፣ የክሩ ርዝመት 34 ሴንቲሜትር ገደማ፤ የትንሹ የሶፕራኖ ዩኩሌሌ ልክ ማለት ነው። የናይለን ክር አስሮ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ብሎ ቃኘው። ክሮቹ ሳይያዙ ሲመቱ ልክ ናቸው፤ አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው የብረት ዘንግ) ላይ ጣት ሲያርፍ ግን ድምፁ ከቦታው ከፍ ይላል። ኮርድ፣ ማለትም በአንዴ የሚመታ የድምፆች ስብስብ፣ ሲያዝ ጭራሽ አይዋሃድም።

ጣጣው ከአንገቱ ጫፍ ያለችው፣ ነት የምትባለው የአጥንት ቁራጭ ላይ ነበር። ፈሮቿ ጠባብ ስለነበሩ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ የሚወፍረው ናይለን ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት አናታቸው ላይ ተቀምጧል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክር ፍሬት እስኪነካ ድረስ ሲጫኑት ከመጠን በላይ ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። እዚህ ላይ «ፈሩ ለምን ጠበበ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ጠጋኙ ግን ሞረድ አንስቶ አሰፋው። ቅኝቱ ተስተካከለ፤ ድምፁ ግን የታፈነ ሆኖ ቀረ።

ያጋለጡት ፍሬቶቹ ናቸው። መብራት ከጎን ሲበራባቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ላይ ልክ በክሮቹ መስመር ጠባብ ጠባብ ጉድጓዶች ታዩ። ናይለን ብረት እንዲህ አይበላም፤ ይህ የብረት ክር የዓመታት ሥራ ነው። ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጅም ላይ የዝገት ነጠብጣብ ነበር። ፍሬቶቹ ሲቆጠሩ 17 ሆኑ፤ የጣት ሰሌዳውም ከፊት ጣውላው ከፍ ብሎ እስከ ድምፅ ቀዳዳው ይዘልቃል። ብረት ክር የሚታሰርበት የፖርቱጋሎች ትንሽ ጊታር፣ ካቫኪኞ፣ የብራዚሉ ዓይነት እንዲህ ነው። በሰሜን ፖርቱጋል የሚሠራው የሚኞ ካቫኪኞ ሰሌዳው ከጣውላው ጋር እኩል ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ 12 ፍሬት ብቻ ይኖረዋል።

ለባለቤቷ ተደወለላት። የአባቷ ካቫኪኞ ነው፣ ከኬፕ ቨርዴ የመጣ። ዩኩሌሌ ያለው ተቀባዩ እንጂ እሷ አልነበረችም።

ካቫኪኞን ዩኩሌሌ ማለት አጎትን በወንድም ልጅ ስም እንደ መጥራት ነው። ማሼቴ ወይም ብራጊኛ የሚባለው የፖርቱጋል ማዴይራ ደሴት ዓይነት የሃዋይ ከተማ ሆኖሉሉ የገባው ነሐሴ 1879 እ.ኤ.አ. ለሸንኮራ እርሻ ሠራተኞችን ባመጣችው ራቨንስክራግ መርከብ ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የነበሩት አናጢዎች ማኑኤል ኑኔሽ፣ አውጉሽቶ ዲያሽ እና ጆዜ ዱ ኢሽፒሪቱ ሳንቱ ዩኩሌሌን የወለዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ መልኩን ከማሼቴ፣ ቅኝቱን ባለ አምስት ክር ከሆነው ራዣኦ ወስደው። እኛም ዘንድ በገናን «ትልቅ ክራር» የሚል አይጠፋም፤ ክሮቹ ሥር ያሉትን የቆዳ እንዚራዎች ያየ ግን ያን አይልም። እዚህም መታየት ያለበት ክሩና ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ጥገናው ከክር ቅየራ ወደ ነት ቅየራ አደገ፤ ወጪው የሱቁ። ብረት ክር በሰፋ ፈር ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ይንጫጫል። በነቷ ዙሪያ ያለው ቫርኒሽ በምላጭ ከተቆረጠ በኋላ ከጎን ቀስ ተብላ ተመትታ ወጣች። አዲሷ ከከብት አጥንት ተሠራች። የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.28 ሚሊሜትር ስለሆነ ፈሩ በ0.30 ሞረድ ተቆረጠ፤ ወደ መቃኛው በኩል ትንሽ ዝቅ ብሎ። ተዳፋቱ የተገላቢጦሽ ከሆነ ክሩ እንደ ንብ ይጮኻል። ጥልቀቱ የሚለካው ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ አንደኛውን በማየት ነው፤ በክሩና በፍሬቱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ሞረዱን ማቆም ነው።

ተቃራኒው ስህተት ከዚህም ይከፋል። ለናይለን የተሠራ ዩኩሌሌ ላይ ብረት ክር ቢወጠር ብሪጁ ከሙጫው ይላቀቃል፣ ወይም የፊት ጣውላው ያብጣል።

ሌሎቹን ዘመዶች መቃኛ በመቁጠር መለየት ይጀመራል። አምስት ከሆነና ጀርባው ከጎበጠ የካናሪ ደሴቶቹ ቲምፕሌ ነው፤ ጀርባው ጠፍጣፋ ከሆነ ራዣኦን ጠርጥሩ። ስምንት ከሆነ ወይ ታሮፓች (ድርብ ክር ያለው የሃዋይ ዩኩሌሌ) ነው ወይ የታሂቲ ዩኩሌሌ። የታሂቲውን የሚያሳስት የለም፦ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ቀዳዳው እስከ ጀርባ የዘለቀ፣ ክሩም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው።

ካቫኪኞው ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ተቃኝቶ አደረ፤ ጠዋት አዲሶቹ ክሮች ስለረገቡ እንደገና ተቃኘ። ሴትየዋ ተቀበለችና አንዴ መታችው። ከዚያ አንደኛዋን ክር ከዲ ወደ ኢ ከፍ አደረገቻት፤ አባቷ የሚቃኘው እንዲያ ነበር። ጠጋኙ ካርዱ ላይ «ዲ»ን ሰርዞ «ኢ» ጻፈበት።