ካያኩን ይዤ የቆየሁባት ደቂቃ

ውድድሩ ከተጀመረ ሦስት ደቂቃ ቢሆነው ነው። እኔ ግን መተንፈስ አቅቶኛል።

አፌን ከፍቼ አየር እስባለሁ፣ ደረቴ አይቀበልም። ከፊቴ ያለው ሰው እግሩን ባወራጨ ቁጥር ውሃው ፊቴ ላይ ይረጫል። አንዱ ከኋላዬ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ቀና ብዬ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ብርቱካናማ የመጀመሪያ ምልክት ፈለግኩት፣ አጣሁት። ያኔ በልቤ «በቃ፣ ልውጣ» አልኩ።

ለዚህ ቀን አምስት ወር ተዘጋጅቻለሁ። የተመዘገብኩት ስፕሪንት በሚባለው አጭሩ ትራያትሎን ነው፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው የዚህ እጥፍ ነው። ሩጫ ድሮም እሮጣለሁ። ብስክሌቱንም ለምጄዋለሁ። ዋና የተማርኩት ግን በ31 ዓመቴ ነው፤ ያውም 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ። ከዳር እስከ ዳር 30 ጊዜ ሳልቆም ስዋኝ 750 ሜትር ሞላልኝ፣ አለቀ አልኩ።

አላለቀም። ገንዳ ወለሉ ላይ መስመር አለው፤ ዐይን እሱን ይዞ ይሄዳል። በየ25 ሜትሩ ግድግዳ አለ፤ ነክተሽው፣ ገፍተሽው ትመለሻለሽ፣ ሳይታወቅሽም ታርፊያለሽ። ሐይቅ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ፊቴን ስነክር ያየሁት አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ነው። እጄን ወደፊት ስዘረጋ ክርኔ ድረስ ይታየኛል። ከዚያ ወዲያ ጣቶቼ የሉም። ጥልቀቱም ሆነ ግፊያው አይደለም ያስደነገጠኝ። የገዛ ጣቶቼን ማጣቴ ነው።

ብርዱም አለበት። ውሃው 19 ዲግሪ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ቆዳን ሲነካ ትንፋሽ ሳንፈልግ ይፈጥናል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይረጋጋል። ይሄን አንብቤ አውቀዋለሁ። ግን ዌትሱት የሚሉት ወፍራሙ የዋና ልብስ ደረቴን ጥርቅም አድርጎ ይዞኛል፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ያነበብኩት ሁሉ ጠፋኝ።

እጄን አነሳሁ። በቀኝ በኩል ቢጫ ካያክ፣ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ እየተቀዘፈ መጣ። ላዩ ላይ ሽበታም ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ያዢው ልጄ» አሉኝ። «አይዞሽ። ያዢው።»

«ከያዝኩት ውድድሩ አበቃ አይደል?»

«ማን አለሽ? ወደፊት እስካልጎተትኩሽ ድረስ ማረፍ ትችያለሽ። ያዢው።»

እውነታቸውን ነው። ጠዋት ዳኛው ደንቡን ሲያስረዱ ይሄንኑ ነግረውን ነበር። እኔ ግን ካያክ መያዝ መሸነፍ ነው ብዬ ስለደመደምኩ ጆሮዬ ዘልሎታል። ሁለት እጄን የካያኩ አፍንጫ ላይ አደረግኩ። ፕላስቲኩ ሸካራ ነው፤ ጠርዙ ላይ አንድ ረጅም ጭረት አለ። ዛሬም ድረስ ያ ጭረት ይታየኛል።

«መሳቡን ተዪው» አሉኝ። «አስወጪ። ሻማ እንደምታጠፊ፣ እፍ በይ።»

እፍ አልኩ። አንድ። ሁለት። አራተኛው ላይ ደረቴ ለቀቀኝ። ለካ አየር ስስብ፣ ስስብ፣ ማስወጣቱን ረስቼው ነበር። ሳንባዬ ሞልቶ ሳለ አየር አጣሁ እል ነበር። አስሩን ስቆጥር ብርቱካናማው ምልክት ታየኝ፤ በግራዬ በኩል፣ ካሰብኩት በላይ ቅርብ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብዬ ለቀቅኩት።

ከዚያ በኋላ ፊቴ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር አረፋ እያስወጣሁ ነው የዋኘሁት። ስድስት ጊዜ እቀዝፋለሁ፣ ቀና ብዬ ምልክቱን አያለሁ፣ እንደገና ስድስት። ሁለቴ በደረት ዋና ሄድኩ፤ እሱም ይፈቀዳል። 24ኛው ደቂቃ ላይ እግሬ መሬት ነካ።

ዋናን ከብስክሌት የሚያገናኘውን ቦታ ትራያትሎን የሚወዱ ሰዎች «አራተኛው ስፖርት» ይሉታል። አሁን ገባኝ። መሬቱ ይዞራል። ዌትሱቱ ተረከዜ ላይ ተጣብቆ አልወጣም አለ። ሄልሜት ደግሞ ብስክሌት ከመነካቱ በፊት አገጭ ስር መታሰር አለበት፤ አለዚያ ቅጣት ነው። ጣቶቼ ደንዝዘው ማያያዣው እምቢ አለኝ። ዳኛዋ አጠገቤ ቆማ በትዕግሥት ታየኛለች። በሦስተኛው ሙከራ «ቀጭ» አለ። ያቺን ድምፅ እንዴት እንደወደድኳት!

ስለ ብስክሌቱ ብዙ የምለው የለኝም። 49 ደቂቃ ፈጀብኝ። በእኛ ውድድር ከፊት ካለው ሰው 10 ሜትር መራቅ ግዴታ ስለሆነ ነፋሱን ብቻዬን ነው የተጋፈጥኩት። ደስ የሚል ብቸኝነት ነበር። ደረቅ ነኝ፣ ጣቶቼም ይታዩኛል።

ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እግር እንደ ጡብ ይከብዳል። ያንኑ ለመልመድ ሁለቱን አከታትለን የምንሠራውን ልምምድ «ብሪክ» እንለዋለን፤ ጡብ ማለት ነው። በየቅዳሜው ሠርቼዋለሁ፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር የሰው እግር ተውሼ የምሮጥ መሰለኝ።

እዚያ ላይ ጁሊ ሞስን አስታወስኩ። ወደዚህ ስፖርት ያመጣችኝ እሷ ነች። እ.ኤ.አ. በ1982 ሃዋይ ላይ አይረንማን የሚባለውን ረጅሙን ትራያትሎን ከሴቶቹ ስትመራ ቆይታ፣ መጨረሻው ላይ እግሯ ከዳት። ሌላዋ ሴት አለፈቻት። ጁሊ ግን እየዳኸች መስመሩን አለፈች፣ ሁለተኛ ወጣች። ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ኖሬያለሁ። እኔንም የሚከብደኝ መጨረሻው ይመስለኝ ነበር። ለእሱ ነበር ራሴን ሳዘጋጅ የከረምኩት፣ ከባዱ ግን ገና መነሻው ላይ፣ ውሃው ውስጥ ጠበቀኝ።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ወደ እኔ ተመለሰ። የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች እያለቀስኩ ነው የሮጥኩት። አላፈርኩበትም። ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ይላል።

ሰዓት የሚመዘግበውን ቺፕ ከቁርጭምጭሚቴ ፈትቼ መለስኩና ቀጥታ ወደ ውሃው ዳር ሄድኩ። ሽማግሌው ካያካቸውን ወደ ላይ እየጎተቱ ነው። ሰላም አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። አላወቁኝም፤ ውሃ ውስጥ ያለን ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ኮፍያ ነበር ያጠለቅነው።

«እፍ ያስባሉኝ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እእ!» አሉና ፈገግ አሉ። «ዛሬ ስድስት ሰው ነው እፍ ያስባልኩት። ስንተኛዋ ነሽ?»

«የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ አባባ።»

«በይ እንግዲያው ያዢልኝ» ብለው የካያኩን አፍንጫ አመለከቱኝ። ጭረቱ ያለበትን ጎን ያዝኩ፣ እሳቸው ኋላውን አነሱ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ እስከ መኪናው ድረስ ተሸክመን ወጣን።