ሬቲኖብላስቶማ በማይክሮስኮፕ ሥር

በሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን በተቀባ ስላይድ ላይ ይህ የሕፃናት የዓይን ካንሰር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ሕዋሳቱ ትንንሽና ክብ ናቸው፣ ኒውክለሱ ሕዋሱን ሞልቶት ሳይቶፕላዝሙ እምብዛም አይታይም። በሕይወት ያሉት የደም ሥርን ከበው ይገኛሉ። ከደም ሥሩ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የራቁት ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ፤ በሞተው ክፍል ካልሲየም ይጠራቀማል።

ሕዋሳቱ ባዶ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ አደይ አበባ ከተደረደሩ ፍሌክስነር-ዊንተርስታይነር ሮዜት ይባላል፤ የሬቲናን (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ሽፋን) ዕጢ አጥብቆ ይጠቁማል። የሆመር ራይት ሮዜት መሃል ግን በቀጫጭን ክሮች የተሞላ ነው፤ በሌሎች የነርቭ ዕጢዎችም ይታያል።

ለሕፃኑ ሕይወት ከሮዜት ይልቅ የሚያሳስበው የዓይን ነርቭ ነው። ዕጢው ላሚና ክሪብሮሳን (ነርቩ ከዓይን የሚወጣበትን ወንፊት መሰል ሽፋን) አልፏል? የነርቩ የተቆረጠ ጫፍ ላይ ደርሷል? በኮሮይድ (ከሬቲና ሥር ባለው የደም ሥር ሽፋን) ውስጥስ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ተስፋፍቷል? ሪፖርቱ እነዚህን ሳይመልስ መውጣት የለበትም።

ከሞጣም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለምርመራ የሚላክ በቀዶ ሕክምና የወጣ ዓይን፣ እባካችሁ፣ ሳይከፈት 10% ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ፎርማሊኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። የነርቩ ጫፍ ዓይኑ ከመከፈቱ በፊት ተቆርጦ ለብቻው ካሴት (ትንሽ የናሙና ማስቀመጫ ሣጥን) ውስጥ ይቀመጥ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልቅ የዕጢ ሕዋሳት በቢላው ተጎትተው ነርቩ ላይ ይለጠፉና ያልተሰራጨውን የተሰራጨ ያስመስሉታል።